ሥራቸውን ያጡ ሠራተኞች ጥያቄያቸው ሲዘጋ እንደገና መቼና የት ያቀርባሉ?

ሥራ ያጣ ሰው እስኪቀጠር ድረስ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ የሚቆረጥለት የሥራ አጥነት መድን በኢትዮጵያ እስካሁን አልተቋቋመም። በዚህ ፈንታ ሠራተኛው የሚተማመነው በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በተደነገጉት የአንድ ጊዜ ክፍያዎች ነው። እነዚህም የሥራ ስንብት ክፍያ፣ የማስጠንቀቂያ ጊዜ ክፍያ፣ ያልተወሰደ የዓመት ዕረፍት ክፍያና እንደ ሁኔታው ካሳ ናቸው። ክፍያዎቹን የመጠየቅ መብት ግን ጊዜ ተቆርጦለታል። ጊዜው ካለፈ እውነተኛ መብት ያለውም ሠራተኛ ባዶ እጁን ሊቀር ይችላል።

ጉዳዩ በአዲስ አበባ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ከላንቻ እስከ ካዛንቺስ ለሚኖሩና ለሚሠሩ ሰዎች ሩቅ አይደለም። ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. በመልሶ ማልማትና በኮሪደር ልማት ሥራ መልኳ ሲለወጥ ነዋሪዎችና የንግድ ቤቶች ወደ ሌላ አካባቢ ተዛውረዋል። አንድ ምግብ ቤት፣ ጋራዥ ወይም መደብር ሲዘጋ ወይም ሲዛወር አስተናጋጁ፣ መካኒኩና ሻጩ የሚጠይቁት ተመሳሳይ ጥያቄ ነው፤ “ምን ይገባኛል? የት እጠይቃለሁ? አንድ ጊዜ ጠይቄ ፋይሉ ከተዘጋብኝስ?” የሚል ነው። ልጁን ወደ ከተማ ለሥራ የላከ አርሶ አደርም፣ በሰሊጥ አጨዳ ወይም በአበባ እርሻ የተቀጠረ ወጣትም ይኸው ጥያቄ ይመለከተዋል። ከዚህ በታች የሕጉን ዋና ዋና ነጥቦች በቅደም ተከተል አቅርበናል።

አዋጁ የሚመለከተው ማንን ነው?

አዋጁ በቅጥር ላይ የተመሠረተ የሥራ ግንኙነትን ይገዛል። በከተማ ያለ ሆቴል፣ ፋብሪካና ሱቅ ብቻ ሳይሆን ሠራተኛ ቀጥሮ የሚያሠራ የእርሻ ድርጅትም በሥሩ ይወድቃል። የመንግሥት ሠራተኞች በራሳቸው የሲቪል ሰርቪስ ሕግ ይተዳደራሉ። የሥራ መሪዎች ከአዋጁ ወሰን ውጪ ናቸው፤ በግለሰብ ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞችን ጉዳይም አዋጁ ለተለየ ደንብ ትቶታል።

የሥራ ውል በጽሑፍ አለመደረጉ ብቻውን መብትን አያስቀርም። የጽሑፍ ውል የሌለው ሠራተኛ የደመወዝ ወረቀት፣ የባንክ ሒሳብ መግለጫ፣ የጡረታ መዋጮ መዝገብ፣ የመታወቂያ ካርድና የሥራ ባልደረቦቹን ምስክርነት ይዞ መቅረብ ይችላል።

ሥራ ሲቋረጥ የሚጠየቀው ምንድን ነው?

የሙከራ ጊዜውን የጨረሰ ሠራተኛ በአንቀጽ 39 በተዘረዘሩት ምክንያቶች ሥራው ሲቋረጥ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል። ከምክንያቶቹ መካከል ድርጅቱ በኪሳራ ወይም በሌላ ምክንያት ለዘለቄታው መዘጋቱ፣ አሠሪው ከሕግ ውጪ ውሉን ማቋረጡ፣ የሠራተኛ ቅነሳ መደረጉ፣ ሠራተኛው በደረሰበት ወሲባዊ ትንኮሳ ወይም ለደኅንነቱ በሚያሰጋ አደጋ ምክንያት ሥራውን መልቀቁ ይገኙበታል። ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለና ከሥልጠና ጋር በተያያዘ የማገልገል ግዴታ የሌለበት ሠራተኛም በገዛ ፈቃዱ ሲለቅ ይህን ክፍያ የመጠየቅ መብት አለው።

ስሌቱ እንዲህ ነው። ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት በመጨረሻው የሥራ ሳምንት የነበረው አማካይ የቀን ደመወዝ በ30 ይባዛል። ከአንድ ዓመት በላይ ላገለገለ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ ዓመት የዚሁ ገንዘብ አንድ ሦስተኛ ይታከላል። ጠቅላላ ክፍያው ከ12 ወር ደመወዝ መብለጥ የለበትም። ከአንድ ዓመት በታች ያገለገለ እንደ አገልግሎቱ መጠን ተመጣጣኝ ክፍያ ያገኛል። ውሉ የተቋረጠው በድርጅቱ መዘጋት ወይም በሠራተኛ ቅነሳ ምክንያት ከሆነ ደግሞ አማካይ የቀን ደመወዙ በ60 ተባዝቶ በተጨማሪ ይከፈላል።

ለምሳሌ አማካይ የቀን ደመወዟ 200 ብር የሆነ፣ 4 ዓመት ያገለገለች አስተናጋጅ የምትሠራበት ሆቴል ለዘለቄታው ተዘጋ እንበል። ለመጀመሪያው ዓመት 6,000 ብር፣ ለቀሪዎቹ ሦስት ዓመታት በየዓመቱ 2,000 ብር፣ በድምሩ 12,000 ብር ይደርሳታል። በመዘጋቱ ምክንያት የሚታከለው ደግሞ 60 ሲባዛ በ200፣ ማለትም 12,000 ብር ነው። ስለዚህ ሌሎች ክፍያዎች ሳይቆጠሩ 24,000 ብር መጠየቅ ትችላለች።

የማስጠንቀቂያ ጊዜም በአገልግሎት ዘመን ይለያያል። የሙከራ ጊዜውን ጨርሶ እስከ 1 ዓመት ላገለገለ 1 ወር፣ ከ1 እስከ 9 ዓመት ላገለገለ 2 ወር፣ ከ9 ዓመት በላይ ላገለገለ 3 ወር ነው። በሠራተኛ ቅነሳ ለሚሰናበት 2 ወር ነው። አሠሪው ማስጠንቀቂያ መስጠት ሲገባው ሳይሰጥ ካሰናበተ የዚያን ጊዜ ደመወዝ ይከፍላል። ላልተወሰደ የዓመት ዕረፍት የሚገባው ገንዘብም አብሮ ይታሰባል።

አሠሪው ደመወዝንና ከውሉ መቋረጥ ጋር የተያያዙ ክፍያዎችን ውሉ በተቋረጠ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መክፈል አለበት። በእጁ ያለውን የድርጅቱን ንብረት ሳያስረክብ የዘገየ ሠራተኛ ግን ክፍያው ሊዘገይበት ይችላል። በመጠኑ ላይ አለመግባባት ካለም አሠሪው ያመነበትን ያህል በዚሁ ጊዜ ውስጥ መክፈል ይጠበቅበታል። ያለ በቂ ምክንያት ካዘገየ የሥራ ክርክር ችሎት እስከ 3 ወር ደመወዝ የሚደርስ ተጨማሪ ክፍያ ሊወስንበት ይችላል።

ጊዜያዊ መዘጋት ሥራ ማጣት ነው?

ድርጅት ሁልጊዜ ለዘለቄታው አይዘጋም። ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት ወይም በአሠሪው ጥፋት ባልመጣ የገንዘብ ችግር ሥራው ከ10 ተከታታይ ቀናት ላላነሰ ጊዜ ሲቆም የሥራ ውሉ ሳይቋረጥ ከውሉ የሚመነጩ መብቶችና ግዴታዎች ለጊዜው ሊታገዱ ይችላሉ። አሠሪው ይህን ሁኔታ በ3 የሥራ ቀናት ውስጥ በጽሑፍ ለሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አካል ማሳወቅ አለበት። አካሉ የሚፈቅደው ዕግድ ከ90 ቀናት አይበልጥም።

ዕግዱ ባበቃ ማግሥት ሠራተኛው ሥራ ላይ መገኘት አለበት፤ አሠሪውም ወደ ቦታው መመለስ ግዴታው ነው። “ስንከፍት እንጠራሃለን” በሚል የቃል ተስፋ ወራትን መጠበቅ አደገኛ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ሠራተኛው ዕግዱ በጽሑፍ መፈቀዱንና የሚያበቃበትን ቀን ማወቅ አለበት። ድርጅቱ ሥራውን መቀጠል እንደማይችል ሲታወቅ የስንብት መብቶቹ ይከፈታሉ።

የድርጅቱ ባለቤት መለወጥም እንደ መዘጋት አይቆጠርም። ድርጅት ሲሸጥ፣ ሲከፈል ወይም ከሌላ ጋር ሲዋሐድ የሥራ ውሉ ይቀጥላል፤ የቀድሞው የአገልግሎት ዘመንም አብሮ ይቆጠራል።

የይርጋ ጊዜ፡ 3 ወር፣ 6 ወር፣ 1 ዓመት

ሦስት ቁጥሮችን ማስታወስ ያስፈልጋል። ከሕግ ውጪ ተሰናብቻለሁ፣ ወደ ሥራዬ ልመለስ የሚል ጥያቄ ውሉ በተቋረጠ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት። የደመወዝ፣ የትርፍ ሰዓትና የሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ መከፈል ከነበረበት ቀን ጀምሮ በ6 ወር ውስጥ ይቀርባል። ከውሉ መቋረጥ የሚመነጭ ማንኛውም የክፍያ ጥያቄም በ6 ወር ይታገዳል። የተለየ ጊዜ ያልተወሰነለት ሌላ ጥያቄ በ1 ዓመት ውስጥ መቅረብ ይኖርበታል።

ቀኑ መቆጠር የሚጀምረው መብቱን መጠየቅ ከሚቻልበት ቀን ማግሥት ነው። የመጨረሻው ቀን በዓል ወይም የሥራ ቀን ያልሆነ ዕለት ላይ ከዋለ ወደሚቀጥለው የሥራ ቀን ይሻገራል።

ይርጋን የሚያቋርጡት ሁኔታዎች በሕጉ ተለይተው ተቀምጠዋል። አንደኛው የሥራ ክርክርን ለመወሰን ሥልጣን ላለው አካል ክስ ማቅረብ ነው፤ የመጨረሻ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ቀኑ አይቆጠርም። ሁለተኛው አዋጁን ለማስፈጸም ሥልጣን ላለው የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አካል አቤቱታ ማቅረብ ሲሆን፣ ቀኑ የሚቆመው አካሉ የመጨረሻ ውሳኔውን በጽሑፍ እስኪሰጥ ነው። ሦስተኛው ሌላው ወገን ዕዳውን በግልጽ ማመኑ ነው። በእምነት ቃል የሚቋረጥ ይርጋ በጠቅላላው ከሦስት ጊዜ በላይ ሊቋረጥ አይችልም።

ሽምግልና በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ሽማግሌ መላክ፣ ስልክ መደወልና ደጅ መጥናት የሚመሰገን ባህል ቢሆንም ብቻውን ቀኑን አያስቆምም። ስለዚህ ሽምግልናው እየቀጠለ አቤቱታውን በጊዜው ማስመዝገብ፣ ወይም አሠሪው “ይህን ያህል አለብኝ” ብሎ እንዲፈርም ማድረግ ይበጃል።

ጥያቄው ከተዘጋ በኋላ

“ፋይሌ ተዘግቷል” የሚል ሠራተኛ በመጀመሪያ ማወቅ ያለበት ፋይሉ የተዘጋበትን ምክንያት ነው። የሚቀጥለው መንገድ የሚለየው በምክንያቱ ነውና የትእዛዙን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት ማውጣት ይቀድማል።

በሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት የቀረበ አቤቱታ ካልተሳካ፡ የጽሕፈት ቤቱ የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ ወይም አስማሚ ወገኖቹን ማስማማት ካልቻለ ጉዳዩ በዚያ አያበቃም። ሠራተኛው የጽሑፍ ውጤቱን ተቀብሎ ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ይርጋው ቆሞ የነበረው እስከዚያ ውሳኔ ድረስ ስለሆነ ደብዳቤውን ይዞ ቤት መቀመጥ አይገባም።

ሁለቱም ወገኖች ባለመቅረባቸው መዝገቡ ከተሰረዘ፡ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ መሠረት ከሳሹ አዲስ ክስ ማቅረብ ይችላል። ያልቀረበው በበቂ ምክንያት እንደሆነ አስረድቶ በአንድ ወር ውስጥ መዝገቡ እንዲንቀሳቀስ መጠየቅም ይችላል።

ከሳሹ ቀርቶ ተከሳሹ ቀርቦ ክሱን በመካዱ መዝገቡ ከተዘጋ፡ እዚህ ላይ ሕጉ ይጠብቃል። በዚያው ጉዳይ አዲስ ክስ ማቅረብ አይፈቀድም። የሚቀረው መንገድ በአንድ ወር ውስጥ ለመቅረት ያበቃውን በቂ ምክንያት በማስረጃ አስደግፎ ትእዛዙ እንዲነሳ ማመልከት ነው። የሐኪም ወረቀት፣ የሐዘን ወይም የመንገድ መዘጋት ማስረጃ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው። የቀጠሮ ቀን በሥራ ፍለጋ ወይም ወደ ገጠር በመሄድ የሚረሳ ከሆነ መብቱ በአንድ ቀን ሊታጣ ይችላል።

ከሳሹ ራሱ ክሱን ካነሳ፡ “እንደገና ለመክሰስ መብቴ ይጠበቅልኝ” ብሎ ፍርድ ቤቱን ካስፈቀደ አዲስ ክስ ማቅረብ ይችላል። ሳያስፈቅድ ካነሳ በዚያው ጉዳይ ተመልሶ መክሰስ አይችልም። በፈቃድ ያነሳም ቢሆን ይርጋው የሚታሰበው የመጀመሪያው ክስ እንዳልቀረበ ተቆጥሮ ነው። አሠሪው “ክሱን አንሳና እከፍልሃለሁ” ሲል ስምምነቱን በጽሑፍ አድርጎ በፍርድ ቤት ማስመዝገብ የሚሻለው ለዚህ ነው።

በፍሬ ነገሩ ላይ ውሳኔ ከተሰጠ፡ ይኸው ጥያቄ በአዲስ ክስ አይቀርብም፤ መንገዱ ይግባኝ ነው። የሥራ ክርክር ይግባኝ ውሳኔው በተሰጠ በ30 ቀናት ውስጥ ይቀርባል። በአዲስ አበባ በፌደራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የሥራ ክርክር ችሎት የተወሰነ ጉዳይ ይግባኙ ለፌደራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። ከዚያ በኋላ መሠረታዊ የሕግ ስህተት አለ የሚል ወገን ወደ ሰበር ሰሚ ችሎት ማመልከት ይችላል።

ሠራተኛው ረትቶ ገንዘቡን ካላገኘ፡ ፍርዱ ብቻውን ኪስ አይገባም። የአፈጻጸም መዝገብ መክፈት ያስፈልጋል። አሠሪው ንብረት የለውም ተብሎ የአፈጻጸም መዝገቡ ቢዘጋ እንኳ በኋላ የባንክ ሒሳብ፣ ተሽከርካሪ ወይም ሌላ ንብረት ሲገኝ መዝገቡን እንደገና ማንቀሳቀስ ይቻላል። ፍርድን ለማስፈጸም ሕጉ የሚሰጠው ጊዜ 10 ዓመት ነው። ድርጅቱ ብዙ ባለዕዳ ጠያቂዎች ካሉበት ደግሞ ከሥራ ግንኙነት የመነጨ የሠራተኛ ክፍያ ከሌሎች ዕዳዎች ቅድሚያ ይሰጠዋል።

ይርጋው ካለፈስ?

ይርጋ ያለፈበት ሠራተኛ ሁለት ጠባብ በሮች አሉት። የመጀመሪያው ተከራካሪው ወገን ይርጋን መቃወሚያ አድርጎ የማንሳት መብቱን ከተወ ነው፤ ይህን መብት ግን ጊዜው ከማለፉ በፊት አስቀድሞ መተው አይቻልም። ሁለተኛው መዘግየቱ ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት የመጣ ከሆነ ነው። ሕጉ የሠራተኛውን መታመም፣ በአሠሪው ትእዛዝ ከመኖሪያው ውጪ መዛወሩንና ለብሔራዊ አገልግሎት መጠራቱን በምሳሌነት ይጠቅሳል። ሆኖም ምክንያቱ ከተወገደ በኋላ ጥያቄው በ10 ቀናት ውስጥ መቅረብ አለበት።

በደመወዝ መዝገብ ላይ ያለ ተቃውሞ ፈርሞ መቀበል የቀረውን ደመወዝ እንደ መተው አይቆጠርም። የሆነ ሆኖ “ከድርጅቱ የምጠይቀው ምንም ነገር የለም” በሚል ወረቀት ላይ ሳያነቡ መፈረም ክርክሩን ያከብዳል። ያልተስማማ ሰው ከፊርማው አጠገብ የተቀበለውን መጠንና ቀሪውን እንደሚጠይቅ መጻፍ ይችላል።

ምን ይዞ፣ ወዴት?

በላንቻና በአካባቢው የሚሠራ ሰው በመጀመሪያ ወደ ቂርቆስ ክፍለ ከተማ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት መሄድ ይችላል። በክልል ያሉ ሠራተኞች በየወረዳውና በየከተማው ያለውን ተመሳሳይ ጽሕፈት ቤት ይጠይቃሉ። በቀጥታ ወደ ፍርድ ቤት መሄድም ይቻላል። የሥራ ክርክር የዳኝነት ክፍያ አይጠየቅበትም፤ ሕጉ የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤቱ ክሱ በቀረበ በ60 ቀናት ውስጥ ውሳኔ እንዲሰጥም ያዛል።

መያዝ ያለባቸው ሰነዶች የሥራ ውል፣ የስንብት ደብዳቤ፣ የደመወዝ ማስረጃ፣ መታወቂያና ቀደም ሲል የተሰጡ ውሳኔዎች ግልባጭ ናቸው። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የሥራ ልምድ ምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ የመስጠት ግዴታ አለበት። የሠራተኛ ማኅበር ባለበት ድርጅት ማኅበሩ አባሉን ያግዛል። ጠበቃ ለመያዝ አቅም የሌላቸው የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶች የሚሰጡትን ነጻ የሕግ ድጋፍ፣ ሴቶች ደግሞ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበርን መጠየቅ ይችላሉ።

የጡረታ መዋጮም አይረሳ። በግል ድርጅት ሠራተኞች የጡረታ ሥርዓት ሠራተኛው ከደመወዙ 7 በመቶ፣ አሠሪው 11 በመቶ ያዋጣሉ። ሥራ በመቀየር መካከል ክፍተት ቢፈጠርም የተለያዩት አገልግሎቶች ይደመራሉ። ስለዚህ የጡረታ መለያ ቁጥሩን ይዞ መዋጮው በትክክል መግባቱን ማረጋገጥ፣ ወደ አዲስ ሥራ ሲገቡም ያንኑ ቁጥር ማስመዝገብ ተገቢ ነው።

የወቅት ሠራተኞችና የሴፍቲኔት ተጠቃሚዎች

ለአጨዳ ወይም ለለቀማ በተወሰነ ጊዜ ውል የተቀጠረ ሠራተኛ ውሉ በጊዜው ሲያበቃ በዚያ ምክንያት ብቻ የስንብት ክፍያ አይጠይቅም። ያልተከፈለው የቀን ሒሳብ ግን መብቱ ነው፤ የ6 ወሩ ይርጋም ይመለከተዋል። የመኸር ሥራ ጨርሶ ወደ ቀዬው የተመለሰ ሰው “ለከርሞ ስመለስ እጠይቃለሁ” ቢል ጊዜው ያልፍበታል።

ሥራ ለሌላቸው ድሃ ቤተሰቦች ከመድን ጋር የሚቀራረበው ድጋፍ ሴፍቲኔት ነው። በገጠር ልማታዊ ሴፍቲኔት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ፣ የከተማው በ2009 ዓ.ም. አዲስ አበባንና ደሴን ጨምሮ በ11 ከተሞች ተጀምሯል። በከተማው መርሐ ግብር በአካባቢ ልማት ሥራ የሚሳተፉ ቤተሰቦች ለሦስት ዓመት ይታቀፋሉ፤ ከቆጠቡት ጋር የመቋቋሚያ ድጋፍ ይዘው ወደ ራሳቸው ሥራ እንዲሸጋገሩ ይጠበቃል። በልየታው ያላግባብ ቀርቻለሁ ወይም ተሰርዣለሁ የሚል ቤተሰብ ቅሬታውን በየደረጃው ላለው የቅሬታ ሰሚ ኮሚቴ ያቀርባል።

በውጭ ለሚኖሩ

የሥራ አጥነት መድን ባለባቸው ሀገሮች ያሉ ኢትዮጵያውያንም “እንደገና ማመልከት” የሚለው ጉዳይ ይገጥማቸዋል። በአሜሪካ አንድ ማመልከቻ የሚያገለግለው ለ52 ሳምንታት ሲሆን፣ በአብዛኞቹ ግዛቶች በዚያ ውስጥ የሚከፈለው ቢበዛ ለ26 ሳምንታት ነው። ዓመቱ ካለቀ በኋላ አዲስ ማመልከቻ ያስፈልጋል፤ ሁለተኛውን ለማግኘትም ከመጀመሪያው ማመልከቻ ወዲህ ሠርቶ ገቢ ማግኘት ግዴታ ነው። በደቡብ አፍሪካ ሠራተኛውና አሠሪው እያንዳንዳቸው ከደመወዙ 1 በመቶ ለሥራ አጥነት መድን ፈንድ ያዋጣሉ። የዓለም ሥራ ድርጅት በ1952 እ.ኤ.አ. ባወጣው ስምምነት ቁጥር 102 ከዘረዘራቸው 9 የማኅበራዊ ዋስትና ዘርፎች አንዱ ይኸው የሥራ አጥነት ድጋፍ ነው።

በኢትዮጵያ ይህ ዘርፍ እስኪጀመር ድረስ ሥራውን ያጣ ሠራተኛ መጠጊያው የአዋጁ ክፍያ ነው። በመሆኑም ከስንብቱ ዕለት ጀምሮ ሦስት ቀኖችን በወረቀት መዝግቦ መያዝ ይመከራል። ክፍያው የሚጠበቅበት 7ኛው የሥራ ቀን፣ ወደ ሥራ ለመመለስ የሚጠየቅበት 3ኛ ወር፣ ክፍያ የሚጠየቅበት የመጨረሻው 6ኛ ወር ናቸው። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ እያንዳንዱን የቀጠሮ ቀን መጻፍና በዕለቱ መገኘት የግድ ነው።